እህቴን ዳንግላ ያደረስኩበት ጎማ

መኪናዬን ዝቅ ያደረግኳት እኔ ነኝ። ማንም አልገፋፋኝም። ምክር የሰጡኝ ሰዎች ሁሉ «ተው» ያሉኝ ናቸው። እንጅባራ ውስጥ መኪና የሚመኝ ሰው ክረምቱንና የገጠሩን ጭቃ እያሰበ ከፍ ያለ መኪና ነው የሚመኘው። እኔን ግን በስልኬ የማያቸው፣ ሆዳቸው አስፋልት ሊነካ ጥቂት የቀራቸው የስፖርት መኪኖች አሳበዱኝ። ስልክ የምጠግንበትን ሱቅ ከፍቼ ጥቂት ዓመት እንደሠራሁ አንዲት ያገለገለች፣ አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለ፣ የኋላ ወንበሯ ጠባብ የሆነ ቀይ መኪና ከአዲስ አበባ አመጣሁ። ባመጣኋት በወሩ ሞላዎቿን አስቆረጥኩ።

ሞላ ከጎማው በላይ ሆኖ መኪናውን ተሸክሞ የሚያነጥረው ጥምዝ ብረት ነው። አንድ ሁለት ዙር ሲቆረጥለት መኪናው ቁጭ ይላል። የኔዋም ቁጭ አለች። በከተማው ሳልፍ ሰው ዞር ብሎ ያያል፤ እኔም ሰው ዞር ማለቱን ለማየት ዞር እላለሁ። የገበያ ሴቶች ብቻ አልተደነቁም። «አንተዬ፣ መኪናህን ምን ነካት? ወገቧን ታማ ነው?» ይሉኛል። እስቅላቸዋለሁ፤ ውስጤ ግን ይንጨረጨራል። ቁጡ ሰው ነኝ፤ በመኪናዬ ሲመጡብኝ ደግሞ ይብስብኛል።

አስፋልቱ ዳር ጎማ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ከተማው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። መኪናዋን መጀመሪያ ያዩ ቀን ከፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት።

«እግሯ ተንሻፏል» አሉኝ። «ሰው ጫማውን ባንድ ጎን ይበላው የለ? ይቺም እንደዚያው ናት። ቁመቷን ስትነካባት ጎማዋ ከላይ ወደ ውስጥ አዘነበለ። አሁን የምትሄደው በውስጥ ጠርዟ ነው። መስተካከል አለባት።»

የጎማን አቅጣጫ የሚያስተካክል ማሽን ባሕር ዳር እንጂ እኛ ጋ የለም። እኛ ጋ ያለው የሐጂ ሲባጎ ነው። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ይወጥራሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ፣ ከመሪው ጋር የተያያዘውን ዘንግ በቁልፍ ነካ ያደርጋሉ፣ እንደገና ያያሉ። ብዙ ሹፌር ከባሕር ዳሩ ማሽን ይልቅ የሳቸውን ዓይን ያምናል። ሲባጎውን ከመወጠራቸው በፊት ግን አንድ የማይተውት ልማድ አላቸው። በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው እየጠሩ መኪናው ውስጥ ያስቀምጣሉ። ባዶ መኪና ልኩን አይናገርም ባይ ናቸው፤ ሰው ሲጫንበት ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ሲል ጎማው ይዞራል። ስለዚህ እንጅባራ ውስጥ ገበያ ወጥቶ ለሐጂ ሲል የማያውቀው ሰው መኪና ውስጥ ሩብ ሰዓት ያልተቀመጠ ሰው ጥቂት ነው። ሰዉም ለምዶታል፤ ዘንቢሉን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ቀጥ ብሎ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ዝም ይላል።

የኔ ተራ ሲደርስ ሐጂ ሦስት ሰዎች ጠሩ። ከአዲስ ቅዳም መጥተው ከሰል ሲያወርዱ የዋሉ ናቸው። ከአንገታቸው እስከ ጫማቸው ጠቁረዋል። እኔ ደግሞ ወንበሮቹን ነጭ ቆዳ ያለበስኩት በዚያው ሳምንት ነበር።

«ሐጂ፣ ባዶዋን ይለኩልኝ» አልኳቸው።

«ባዶዋን ልትነዳት ነው?»

«አዎ» አልኩ። ሰዎቹ ሰሙኝ። አንዱ እጁን በሱሪው ጠረገና ሄደ። ሐጂም ባዶዋን ለኩ፣ ባዶዋን አስተካከሉ፣ ሂድ አሉኝ።

ይህ ሁሉ እህቴ ከማግባቷ ስምንት ወር ቀደም ብሎ ነው። በእነዚያ ስምንት ወራት መኪናዋ የከተማው የሙሽራ መኪና ሆነች። ሠርግ ባለበት ሳምንት ሁሉ አራት ሰው ጭና ትሄዳለች፤ ተጭና ዝቅ ስትል ጎማዋ በውስጥ በኩል አስፋልቱን እየፋቀ ያልቃል። እኔ የማየው ውጭውን ነው። ውጭውን እወለውላለሁ፣ በጎማ ቅባት አጠቁራለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ።

እህቴ ታናሼ ናት። አባታችን የሞተ ጊዜ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ እኔና እቴቴ የምንላት አክስታችን ነን ያሳደግናት። የዳንግላ ልጅ ሲያጫት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከቤቴ የምወጣው በወንድም ጋሼ መኪና ነው» አለች። ኮራሁ። ያን ቀን ማታ መኪናዋን ለብቻዬ አጠብኳት።

ሠርጉ በጥር እሑድ ቀን ነበር። ጠዋት በደጃችን አፍንጫዋ ላይ አበባና ነጭ ሪባን እያሰርኩ ሳለ የሪባኑ ጥቅልል አመለጠኝና በግራ የፊት ጎማ ሥር ተንከባለለ። ዝቅ ያለች መኪና ሥር ጎንበስ ብሎ ማንሳት አይቻልም። ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ተኛሁና እጄን ከጎማው ኋላ ሰደድኩ። የሆነ ነገር ጣቴን ወጋኝ። እሾህ መሰለኝ። እጄን ሳወጣ ጣቴ ይደማል።

መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ጎማውን ከውስጥ በኩል አየሁት። ከውጭ ጥልቅ ሆኖ የሚታየው ጥርስ ወደ ውስጥ እየሄደ ይሳሳል፤ ከዚያ ለጥ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ጎማ የሚባል ነገር አልቋል። ክሩ ወጥቷል። ከክሩ ሥር ሽቦው ተበጣጥሶ እንደ ድመት ጺም ቆሟል። ሦስት ጣት በሚያህል ስፋት ዙሪያውን እንዲሁ ነው። የቀኙ ሽቦው አልወጣም እንጂ ክሩ ይታያል። የኋላዎቹም ወደ ፊት ለማዛወር የሚሆኑ አይደሉም።

ፈራሁ። መልሼ ካርቶኑ ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ ጎማ ስንት ሙሽራ እንደጫንኩ ነው መጀመሪያ የታሰበኝ። ባለፈው እሑድ በዚሁ ጎማ ቡሬ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ያውም እየፈጠንኩ፣ እያፏጨሁ። ቀጥሎ የዛሬዋ ሙሽራ ማን እንደሆነች ትዝ አለኝ።

ማንም ሳያየኝ ብዬ መኪናዋን አስነስቼ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ጎንበስ ብለው አዩ፣ በጣታቸው ዳሰሱ፣ ጣታቸውን አሸት አሸት አደረጉ።

«ስንት ሰው ነው የምትጭን?»

«ከኔ ጋር አራት።»

«ዳንግላ አይደርስም አልልህም» አሉ። «ይደርሳልም አልልህም። እኔ ብሆን ልጄን አልጭንበት።»

«ሌላ ጎማ የለዎትም?»

«የዚችን ቁጥር ማን ይይዛል እዚህ? ዳንግላም አታገኝ። ስኮርቷስ?»

ተጠባባቂውን ጎማ ከኋላ አውጥቼ በቦታው ትልቅ ስፒከር እንዳስገባሁ ነገርኳቸው። የነፋሱን ቱቦ ጎትተው አመጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ነፋስ ጨመሩልኝ፤ ጎማው በመሀሉ ቢቆም ለጠርዙ ጥቂት ይቀለዋል አሉ። ከዚያ መስኮቱን ይዘው፣ «ሰው የፈለገውን ይበልህ፣ ሌላ መኪና ፈልግ። የሙሽራ መኪና ማለት ሙሽራዋን ያደረሰ ነው» አሉኝ።

ልናገር ቆርጬ ተመለስኩ። እምልላችኋለሁ፣ ቆርጬ ነበር። «መኪናዬ አይሆንም፣ በሚኒባሱ ትሂድ» የሚለውን ቃል በመንገድ ላይ ደጋግሜ ተለማምጄዋለሁ። ስደርስ ግን የሙሽራው ወገን መጥቶ ደጁ ሞልቷል። ሚኒባሱ ክላክሱን ያንባርቃል፣ ፈረሰኞቹ ባሸበረቀ ልብስ ያጌጡ ፈረሶቻቸውን እያስጨፈሩ ነው፣ ሴቶቹ እልል እያሉ መኪናዬን ከበቧት። አንዷ ኮፈኗን ሳመችው።

እቴቴ በሰው መሀል ሰንጥቃ መጣችና ክንዴን ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችኝ። ገና አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ስማኝ፣ ልጄ። ሙሽራ ጭነህ ከዚህ በር ከወጣህ ከባሏ ደጅ እስክትደርስ መቆም የለም። ውሃ ቢጠማህ፣ ሰው ቢጠራህ፣ ምን ቢሆን። መንገድ ላይ የቆመች ሙሽራ ትዳሯ መንገድ ላይ ይቀራል። የኔን ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። በሷ ሠርግ የተጫነችባት በቅሎ ወንዝ መሀል ቆማ እምቢ አለች ይባላል፤ ዓመት ሳይሞላት ተፈትታ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች፣ ከዚያ ወዲያ አላገባችም። ይህን የሚያምን እኔ አይደለሁም፤ እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አምናዋለች።

«እቴቴ፣ መኪናው…» አልኩ።

«ሟርት አታውራብኝ!» አለችና በአዊኛ የሆነ ነገር ብላ ሦስት ጊዜ ፊቷን አማተበች። እቴቴ ወደ አዊኛ የምትገባው ስትቆጣ ወይም ስትፈራ ነው። ያኔ ሁለቱም ነበረባት። እኔም ዝም አልኩ። ሰዎች ፈሪ ሲሉኝ እጣላለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ግን አንዲት አሮጊት ፈርቼ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈርቼ፣ ከጎማው ይልቅ እልልታውን ፈርቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

እህቴ በነጭ ቬሎዋ ወጣች። ከኋላ ከባሏ ጋር ተቀመጠች፤ ልብሷ ጠባቡን ወንበር ሞላው። ሚዜው ከጎኔ ሆኖ ስልኩን አውጥቶ መቅረፅ ጀመረ። አራቱም በር ሲዘጋ መኪናዋ ዝቅ ስትል በመቀመጫዬ ተሰማኝ። በዚያች ሰከንድ ጎማዎቹ በየትኛው ጠርዛቸው እንደቆሙ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ፈረሰኞቹ እስከ ከተማው ጫፍ ከፊታችን ሄዱ። ፈረስ በቀደመው ሰልፍ መኪና የሰው እርምጃ ነው የሚሄደው፤ እስከ ዳንግላ ይምሩን ብዬ ተመኘሁ። ከተማው ጫፍ ላይ ግን ሁለት ተከፍለው ዳርና ዳር ቆሙና መንገዱን ለቀቁልን። ከኋላዬ የሚኒባሱ ክላክስ ጮኸ። ነዳሁ።

ከእንጅባራ ዳንግላ ሩቅ አይደለም። በሌላ ቀን አንድ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። ያን ቀን ግን እያንዳንዱን ድልድይ፣ እያንዳንዱን ጉብታ፣ አስፋልቱ የተቦረቦረበትን እያንዳንዱን ቦታ ቆጥሬ ነው ያለፍኩት። መሪው ወደ ግራ ይስበኛል። እጄን ባላላሁ ቁጥር መኪናዋ የሚመጣውን አይሱዙ ልትስም ትሄዳለች። በዝግታ ስሄድ ከግራ እግሬ ሥር ውም፣ ውም፣ ውም የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ፈጠን ስል ድምፁ ይጠፋና መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ ውጭው ብርድ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ትንሽ ንካው እንጂ!» አለ ሚዜው። «ቪዲዮው ላይ የቆምን ነው የምንመስለው።»

«ዝም በል!» አልኩት።

እንዲያ መጮሄን አላወቅሁትም።  ሙሽራው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ከኋላ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «አይዞህ፤ እህት መዳር ከባድ ነው» አለኝ። ሚዜውም ገባኝ በሚል ዓይን አየኝና ስልኩን ወደ ፊቴ አዞረ። እስካሁን ያ ቪዲዮ አለ። እንባ የተናነቀው ወንድም እያሉ ለሰው ያሳዩታል።

በመስታወቱ እህቴን አየኋት። በዓይነ ርግቡ ውስጥ ዓይኖቿ እኔ ላይ ናቸው። ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች፤ እሷ ግን ቀጥ ብላ ታየኛለች። ቤቷን ስለለቀቀች ከፍቷት ነው ብዬ ዓይኔን መለስኩ።

አዲስ ቅዳም ከመድረሳችን በፊት ፍተሻ አለ። በሁለት እንጨት መሀል ገመድ ተወጥሯል፤ መኪና ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ መታወቂያ ይታያል። በሌላ ቀን ያን ገመድ ከሩቅ ሳየው እፈራለሁ። ያን ቀን ሳየው ግን ሰውነቴ ሁሉ ተፍታታ። ያስቆሙናል። ያስቆሙን እነሱ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። እቴቴም በኔ አትፈርድም። ሁሉም ይወርዳል፣ እኔ ጎማውን አሁን ገና ያየሁት መስዬ እጮሃለሁ፣ እህቴ በሚኒባሱ ትሄዳለች። በልቤ «አስቁሙኝ፣ በእናታችሁ አስቁሙኝ» አልኩ። ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ ልቆም ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ጠባቂው አበባውን አየ። ሪባኑን አየ። ከዚያ ፊቱ በፈገግታ ተሞላ፣ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ሙሽራ ናት! ሙሽራ አይቆምም!» አለና ገመዱን መሬት ላይ ለቀቀው። ሁለቱም ወደ ዳር ቆመው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አሳለፉን። ሚዜው አጨበጨበ። ገመዱን ረግጬ ሳልፍ የግራው ጎማ ዱብ አለ።

ከአዲስ ቅዳም ወዲያ መንገዱ ዳርና ዳር የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሯል። ከሰል የሚጭን አይሱዙ መሀል መንገድ ይዞ ከፊት ለፊቴ መጣ። ለሱ ልለቅለት ወደ ቀኝ ስወጣ የአስፋልቱ ጠርዝ ተቆርጧል፤ የቀኝ ጎማዎቼ ወረዱ፣ ሆዷ ድንጋይ ፋቀ፣ እህቴ «እምዬ!» አለች። መልሼ ስወጣ የጎማ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ የተቃጠለ ላስቲክ። መስኮቴን ዘጋሁ፤ ሽታው ወደ ኋላ እንዳይደርስ። እንደዚያ ያለ ነገር የሚያስበው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ጎማው ቢፈነዳ መኪናዋ ወዴት እንደምትዞር፣ ከኋላ የተቀመጠው ማን እንደሆነ፣ ቬሎው በር ውስጥ እንደሚጠላለፍ፣ ሁሉንም እያሰብኩ እግሬን ፍሬን ላይ አላሳርፍም። ለመቆም የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ነበር። ቃሉን ከማውጣት መሞት የቀለለኝ ይመስል ዝም ብዬ ነዳሁ።

ዳንግላ ገባን። ዳሱ ተተክሏል፣ ከበሮው ይመታል፣ ሰው ደጁን ሞልቶታል። መኪናዋን ከዳሱ አጠገብ አቆምኩና ሞተሩን ሳጠፋ ጣቶቼ ከመሪው አልላቀቅም አሉ። እህቴ ስትወርድ ታለቅስ ነበር። ሴቶቹ የደስታ ነው እያሉ እንባዋን በነጠላ ጠረጉላት። እቴቴ ከሚኒባሱ ወርዳ እየሮጠች መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። «አልቆምክም!» አለችኝ። «ተባረክ፣ አልቆምክም!»

ድግሱ መሀል፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ፈነዳ።

በዚህ ዘመን እኛ ጋ የጎማ ፍንዳታን ከተኩስ ለይቶ የሚሰማ ጆሮ የለም። ዳሱ ውስጥ የነበረው ሕዝብ ባንድ ጊዜ ወለሉ ላይ ተነጠፈ። ሳህን ተገለበጠ፣ ወንበር ተሰበረ፣ እናቶች ልጆቻቸው ላይ ወደቁ። ከበሮ መቺው ከበሮውን ጭንቅላቱ ላይ ደፋው። እቴቴ እህቴን ጎትታ ከጠረጴዛው ሥር አስገብታ በላይዋ ተኛች። ለጥቂት ጊዜ ከሕፃናት ልቅሶ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ቆሜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁና።

«ጎማ ነው!» አለ አንድ ሰው ከውጭ። «የሙሽራዋ መኪና ጎማ ነው!»

እንዴት እንደተሳቀ መናገር አልችልም። እንደዚያ ሰው ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም፤ እያለቀሰ የሚስቅ ነበር። ሰዎች መጥተው ትከሻዬን መቱኝ። «አድርሶ ፈነዳ!» ይላሉ። «የታመነ ጎማ!» አንድ አዛውንት ቆመው መረቁኝ፤ በሰላም ላደረሰን ሹፌር ዕድሜ ይስጥ አሉ፤ ሕዝቡም አሜን አለ። አሜኑን እየሰማሁ ከዳሱ ኋላ ሄጄ የበላሁትን ሁሉ አስመለስኩ። ጎማው በውስጥ በኩል ከዳር እስከ ዳር ተተርትሯል። ቆሞ እንዲህ የሆነ፣ እየሮጠ ምን ይሆን ነበር?

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አልተኛሁም። ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ውም፣ ውም የሚለው ይመጣል። ባልና ሚስቱ ለመልስ ወደ እኛ ቤት ሲመጡ ሰው ጋብ ሲል እህቴን ወደ ጓሮ ጠራኋት። እግሯ ላይ ልወድቅ አስቤ ነበር፤ ግን ቆሜ ነገርኳት። ጠዋት ሽቦውን እንዳየሁ፣ ሐጂ ምን እንዳሉኝ፣ እቴቴን እንደፈራሁ፣ ሁሉንም።

እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አውቄ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«በመስኮት አየሁህ። ከመኪናው ሥር እጅህ እየደማ ስትወጣ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ፊትህን ግን አወቅሁት። አባባ የሞተ ቀን ከሆስፒታል መጥተህ ‹ደህና ነው› ስትለኝ የነበረህ ፊት ነው።»



«እና ለምን ተሳፈርሽ? ለምን ቁም አላልሽኝም?»

«ይቆማል ብዬ ነዋ» አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ ተረጋግታ ነው የምትናገረው። «መኪና ውስጥ ሳልገባ ይናገራል አልኩ። ፈረሶቹ ሲለቁን ይቆማል አልኩ። ገመዱ ጋ ስትቀንስ፣ ይኸው፣ ቆመልኝ አልኩ። ከዚያም ስታልፍ እስከ ዳንግላ ዓይኔን ከጀርባህ አልነቀልኩም። አሁን፣ አሁን ይቆማል እያልኩ።»

ማታ ወደ ዳንግላ የሚመለሱበት ሰዓት ሲደርስ መኪናዋን ከደጅ አሰለፍኩ። በዚያ ሳምንት አራት አዲስ ጎማ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ባሕር ዳር ድረስ ወስጄ በማሽን አስተካክያታለሁ። ሙሽራው በሩን ከፈተላት። እሷ ግን አልፋው ወደ ሚኒባሱ ሄደች።

ተከትያት ሮጥኩ። «ጎማው አዲስ ነው» አልኳት። «ውስጡንም አይቻለሁ። ና አሳየኝ ብትይኝ አሁን መሪውን አዙሬ አሳይሻለሁ። አትፍሪ።»

የሚኒባሱን በር ይዛ ዞር አለች። አቀፈችኝ፤ ከልቧ ነው ያቀፈችኝ፣ ጥብቅ አድርጋ።

«ጎማውን አልፈራሁም፣ ወንድም ጋሼ» አለችኝና ገባች።